ከቢላው በፊት ብብቷ ይታይ

ለደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ
ለጌዴኦ ዞን ጤና መምሪያ
ለዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል

ጉዳዩ፦ የጡት ካንሰር በጊዜ የተገኘባቸው ሴቶች ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ብብታቸው በአልትራሳውንድ እንዲታይ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ፈረንጆቹ ኦክቶበር የሚሉት ወር በመላው ዓለም የጡት ካንሰር ወር ተብሎ ሮዝ ሪባን ይታሰርበታል። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም መገባደጃ እስከ ጥቅምት መሆኑ ነው፤ በኮቸሬ አካባቢ ደግሞ ቀይ ቡና መለቀም የሚጀመርበት ወቅት ነው። በዚህ ወር የፍስሐ ገነትና የዙሪያዋ ሴት ስለ ጡቷ ማሰብ ቀርቶ ተረጋግታ ምሳዋን ለመብላት እንኳ ፋታ የላትም። የግንዛቤ ማስጨበጫው ዘመቻም ብዙ ጊዜ እሷ ዘንድ ሳይደርስ ያልፋል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ግንዛቤ አይደለም። ሰምታ፣ ነቅታ፣ እብጠቱን ገና ትንሽ ሳለ አግኝታ ወደ እናንተ ስለመጣችው ሴት ነው። ጡቷ እንደሚታከም አውቃለሁ። የሚያሳስበኝ ብብቷ ነው።

የምጠይቀውን ሳላዞር ልናገር። የጡት ካንሰር የተገኘባት ሴት ሁሉ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከመግባቷ በፊት ብብቷ በአልትራሳውንድ ይታይ። የሚያጠራጥር ነገር ከታየ በዚያው በአልትራሳውንድ እየተመሩ በመርፌ ናሙና ይወሰድላት። ንጹሕ መስሎ ከታየ ደግሞ ብብቷ እንዳለ አይጠረግ፣ ማለትም ሊምፍ ኖድ የሚባሉት ትናንሽ ዕጢዎች ሁሉ አይውጡ፤ ካንሰሩ ቢሄድ መጀመሪያ ይደርስባቸዋል የሚባሉት አንድ ሁለት ሊምፍ ኖዶች ብቻ ተለይተው ይውጡና ይመርመሩ። ይህም በአንድ ሐኪም በጎ ፈቃድ ላይ የሚንጠለጠል መሆኑ ቀርቶ በዞናችን ውስጥ በጽሑፍ የሰፈረ አሠራር ይሁን።

ባዮሎጂ አስተምራለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩን ያነበብኩትና ያጠያየቅሁት በቤተሰቤ ስለደረሰ ነው፤ ሆኖም ከቤተሰቤ አልፎ የብዙዎች ጉዳይ መሆኑን ስለተረዳሁ ነው በአደባባይ የምጽፍላችሁ። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እንዳሳየው፣ በሴቶች ላይ ከሚመዘገበው ካንሰር ሲሶ ገደማው የጡት ነው። በአገር አቀፍ ግምትም በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በዚህ በሽታ ይያዛሉ። ታማሚዎቻችን እንደ አውሮፓውያኑ በስድሳና በሰባ ዓመት የሚገኙ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ገና በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ጉልበታቸው የቤቱ ምሰሶ የሆነ ሴቶች ናቸው።

ይህ ጉልበት ያለው ደግሞ ክንዳቸው ላይ ነው። ጌዴኦን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እንሰት የምትፍቀው ሴት የግንዱን ቅጠል ከተጋደመ ሳንቃ ጋር በእግሯ ረግጣ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች በሙሉ ኃይሏ ትስበዋለች፤ ይህን ከጠዋት እስከ ቀትር ትደጋግመዋለች። እሸት ቡና የምትለቅመው ቅርንጫፉን በአንድ እጇ ጎንበስ አድርጋ በሌላው ታራግፋለች። ማድረቂያ አልጋው ላይ የተሰጣውን ጀንፈል የምትለይ ሴት ቀኑን ሙሉ እጇን ዘርግታ ትውላለች። ውኃውም፣ እንጨቱም፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃንም የሚነሳው በክንድ ነው። የዓለም ቅርስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ያ እንሰትና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ተቃቅፈው የሚያድጉበት እርሻ፣ ከእነዚህ ሴቶች ክንድ ውጭ አይቆምም።

የእናቴ ታናሽ እህት ከእነዚህ አንዷ ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከዚህ ዞን ውጭ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ ግራ ጡቷ ወጣ። እብጠቱን ያገኘችው ራሷ ናት፤ ገላዋን ስትታጠብ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም ነበር። ሐኪሙ ብብቷን በእጁ ዳሰሰው፤ አልትራሳውንድ ግን ማንም አላነሣም። ጡቷ ሲወጣ ብብቷም አብሮ ተጠረገ። ከሳምንታት በኋላ የፓቶሎጂው ውጤት መጣ፤ ከብብቷ ከወጡት ሊምፍ ኖዶች ካንሰር የተገኘበት አንድም የለም ይላል። እልል አልን፤ ካንሰሩ አልተሠራጨም ማለት ነበርና። ያ ወረቀት ሌላም ነገር ይነግረን እንደነበር ግን ያኔ አልገባንም። የተጠረገው ብብት በሙሉ ጤነኛ ነበር።

ክንዷ ማበጥ የጀመረው ከዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ አምባሯ ጠበባት፤ ቀጥሎ የቀሚሷ እጅጌ። አሁን የቀሚሶቿን ሁሉ የግራ እጅጌ ከብብት እስከ ክርን ተርትራ በሌላ ጨርቅ ቀጥላዋለች። ክንዷን በአውራ ጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። አንድ ጊዜ የቡና ቅርንጫፍ ቧጠጣት፤ ለሌላ ሰው ምንም ያልነበረው ጭረት ለእሷ በማግሥቱ ክንዷን ከጣቷ እስከ ትከሻዋ አቀላውና በትኩሳት አንቀጠቀጣት። እንሰት መፋቅ ትታለች። ማድረቂያው ላይ ሌሎቹ በሁለት እጃቸው ሲለቅሙ እሷ በአንድ እጇ ትለቅማለች።

ሐኪሙን አልወቅሰውም። የተማረውን፣ አገሩ ሁሉ ለረጅም ዘመን ያደረገውን ነው ያደረገው። የማነሣው ጥያቄ ስለ አሠራሩ ነው።

ብብት የመጥረጉ ልማድ የመጣው ከሩቅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪም የነበረው ዊልያም ሃልስትድ ጡትን፣ የደረትን ጡንቻና የብብትን ሊምፍ ኖዶች በአንድነት የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ካንሰሩ ከጡት ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ ሌላው ሰውነት ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ከሆነ፣ መንገዱን ሁሉ ነቅሎ መጣል ያድናል። ለሰማንያ ዓመት ያህል ይህ እንደ እምነት ተያዘ። በርናርድ ፊሸር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1971 በጀመረው ጥናት ግን ብብታቸው በእጅ ሲዳሰስ ንጹሕ የመሰለ ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ ለአንዳንዶቹ ብብታቸው ተጠረገ፣ ለሌሎቹ ሳይጠረግ ቀረ። ከ25 ዓመት ክትትል በኋላ በሕይወት መቆየት ላይ ልዩነት አልተገኘም።

በዚያው ጥናት ውስጥ ለእኛ የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። በእጅ ተዳስሶ ንጹሕ ነው የተባለው ብብት ሲጠረግ ከአሥሩ በአራቱ ገደማ ካንሰር ተገኝቶበታል። የሐኪም እጅ የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ብብት ውስጥ ያለውን ሁሉ አያውቅም ማለት ነው። ስሕተቱ ደግሞ በሌላም አቅጣጫ ይሄዳል። በእኛ አገር ብብት ላይ የሚዳሰስ ንፍፊት ሁሉ ካንሰር አይደለም። የሊምፍ ኖድ ቲቢ ብርቅ አይደለም። እጇ ላይ ቁስል የማይጠፋባት ገበሬ ሴት በቁስሉ ምክንያት ብቻ ብብቷ ሊያብጥ ይችላል። እጁ ንፍፊት ያገኘ ሐኪም «ተሠራጭቷል» ብሎ ቢፈርድ፣ የቲቢ ንፍፊት ለማውጣት ብሎ ብብት ሊጠርግ ነው። ከእጅ የተሻለ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ያ ዓይን አልትራሳውንድ ነው። ጤነኛ ሊምፍ ኖድ በአልትራሳውንድ ሲታይ ሞላላ ነው፤ ዙሪያውን ቀጭን ጠቆር ያለ ቅርፊት፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ነጣ ብሎ የሚያበራ ስብ አለው። ቅርፊቱ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ሲወፍር ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲያብጥ፣ ነጩ መሐል ሲጠፋ፣ ሞላላው ክብ ሲሆን ያጠራጥራል። የዚያን ጊዜ ባለሙያው መርፌውን በማያ መስታወቱ ላይ እያየ ወደዚያው ኖድ ያስገባና ናሙና ይወስዳል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ኤፍ ኤን ኤ እየተባለ ሁላችሁም የምታውቁት፣ ውድ ያልሆነ ምርመራ ነው። ናሙናው ካንሰር ካሳየ ሴቲቱና ሐኪሟ የሚጠብቃቸውን ያውቃሉ፤ ምናልባት ኬሞቴራፒ ይቀድማል፣ ምናልባት ብብቱ በእርግጥ መጠረግ አለበት። ቲቢ ካሳየ የቲቢ መድኃኒት ይጀመራል። በግምት የሚቆረጥ ነገር አይኖርም።

አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው ካለስ? እዚህ ላይ የሊምፍ ኖዶቹን አደራደር ማወቅ ይጠቅማል። ከፍስሐ ገነት ወደ ዲላ የተሳፈረ ሰው ወናጎ ከመድረሱ በፊት ይርጋጨፌን ማለፉ አይቀርም። ከጡት የሚነሣ ፈሳሽም እንዲሁ ብብት ውስጥ ካሉት ኖዶች ሁሉ በፊት የሚያልፍባቸው አንድ ሁለት አሉ። እነዚህ ሴንቲነል ኖድ ይባላሉ። እነሱ ንጹሕ ከሆኑ ከኋላቸው ያሉትም ንጹሕ የመሆናቸው ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። በጡት ካንሰር ላይ በቀለም የመለየቱን ዘዴ አርማንዶ ጁሊያኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተሙ። ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ ሚላን ላይ ባካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ጥናት ደግሞ ሴንቲነል ኖዳቸው ንጹሕ የሆነ ሴቶች ብብታቸው ሳይጠረግ ቢቀር ጉዳት እንደሌለው ታየ።

በክንድ ላይ ያለው ልዩነት ግን ታላቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት ኦንኮሎጂ ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው፣ ብብታቸው ከተጠረገ ሴቶች ከአምስቷ አንዷ ክንዷ ያብጣል። ሴንቲነል ኖድ ብቻ ከወጣላቸው ግን ከመቶው ከስድስት አይበልጡም። በአውሮፓ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ለምትሠራ ሴት ይህ ከባድ ችግር ነው። እንሰት ለምትፍቅ ሴት ኑሮዋ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነገሩ ከዚህም ርቆ ሄዷል። ኦሬስቴ ጄንቲሊኒ በመራው፣ ሳውንድ በተባለውና እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናት እብጠታቸው ከ2 ሴንቲሜትር ያልበለጠና የብብታቸው አልትራሳውንድ ንጹሕ የሆነ 1,405 ሴቶች ተካተቱ። ለገሚሶቹ ሴንቲነል ኖድ ወጣላቸው፤ ለሌሎቹ ብብታቸው ከነጭራሹ አልተነካም። ከአምስት ዓመት በኋላ ካንሰሩ ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ሳይሠራጭ የቆዩት በመጀመሪያው ቡድን 97.7፣ በሁለተኛው 98.0 በመቶ ሆኑ። በጀርመንና በኦስትሪያ የተካሄደው ኢንሴማ የተባለው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ተመሳሳይ ውጤት ይዞ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ለተወሰኑ ሴቶች ሴንቲነል ኖድ ማውጣት እንኳ ሊቀር እንደሚችል በመመሪያው አሰፈረ።

ይህን የጠቀስኩት «እኛም ብብት መንካት እናቁም» ለማለት እንዳልሆነ ማንም እንዲስተው አልፈልግም። እንዲያውም ይህንን ግማሹን ብቻ መቅዳት አደገኛ ይመስለኛል። በእነዚያ ጥናቶች የነበሩት ሴቶች አብዛኞቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው፤ እብጠታቸው ትንሽ፣ ካንሰራቸው በሆርሞን መድኃኒት የሚመለስ ዓይነት ነው። አብዛኞቹ ጡታቸው ሳይወጣ እብጠቱ ብቻ ተነሥቶላቸው ከዚያ የጨረር ሕክምና አግኝተዋል። በሳውንድ ጥናት ንጹሕ ከተባሉት ብብቶች ውስጥ እንኳ 13.7 በመቶው ላይ ሴንቲነል ኖዱ ሲመረመር ካንሰር ተገኝቷል፤ እነዚያን ሴቶች ያዳናቸው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የተከተለው ሕክምና ጭምር ነው። የእኛ ሴት ከእነሱ በዕድሜ ታንሳለች፤ ጡቷ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ የጨረር ሕክምና ለማግኘት ከቤቷ ርቃ ረጅም ወረፋ ትጠብቃለች። ለእሷ የሚስማማው መካከለኛው መንገድ ነው፦ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገ መርፌ፣ ካልሆነ ሴንቲነል ኖድ። ይህ ዛሬ ሌሎች ከደረሱበት አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው፤ እጅ ብቻ ዳስሶ ብብት ከመጥረግ ግን ሩቅ ወደፊት ነው።

«ታማሚዎቻችን በአብዛኛው ዘግይተው ነው የሚመጡት፤ በጊዜ ለሚመጡት ጥቂቶች ለምን ይህን ያህል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ። ይህን መልስ ከልቤ እቃወመዋለሁ። በጊዜ የመጣችው ሴት ጎረቤቶቿ የሚያዩአት ሴት ናት። አክስቴ ከሆስፒታል ስትመለስ መንደሩ ያየው ካንሰሯ መዳኑን አልነበረም፤ ካንሰር በዓይን አይታይም። ያየው ያበጠ ክንዷንና የተቀደደ እጅጌዋን ነው። ከዚያ በኋላ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች አንዲት የሰፈራችን ሴት ለወራት ደብቃ ቆየች፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «እንደዚያችኛዋ ክንዴን ሊያሳጡኝ ነው» አለች። ዘግይተው የሚመጡት በከፊል የሚዘገዩት በጊዜ የመጡት ላይ የደረሰውን አይተው ነው። በጊዜ የመጣችውን ክንዷ ሳይጎዳ መልሳችሁ ብትልኩልን፣ ከየትኛውም ሮዝ ሪባን በላይ ትሰብክላችኋለች።

አሁን ወደሚቻለው ልምጣ። የአልትራሳውንድ ማሽን ለዞናችን እንግዳ አይደለም። በአገራችን አዋላጆችና ነርሶች ሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደረጃ እርጉዝ ሴቶችን በአልትራሳውንድ ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ነገር ግን ለእርግዝና የሚያገለግለው ጎበጥ ያለ ፕሮብ (ሰውነት ላይ የሚያርፈው የማሽኑ ክፍል) ለብብት አይሆንም፤ ጥልቅ ያያል፣ ከቆዳ ሥር ያለውን ሦስት ሚሊሜትር ቅርፊት ግን አይለይም። ለብብት የሚያስፈልገው ቀጥ ያለው፣ ሊኒየር የሚባለው ፕሮብ ነው። ማሽን ባለበት ቦታ ሁሉ ይህ ፕሮብ መኖሩ ይጣራ፤ ከሌለ ይገዛ። አዲስ ማሽን ከመግዛት የቀለለ ነው። ጤና ጣቢያዎች ብብት ይመርምሩ አልልም፤ ያ የሠለጠነ ራዲዮሎጂስት ወይም በእሱ ሥር የተማረ ባለሙያ ሥራ ነው። ዲላ ላይ ይደረግ፤ የምጠይቀው ግን ሴቲቱ ለጡቷ በመጣችበት በዚያው ቀን እንዲደረግላት ነው። ከፍስሐ ገነት ወይም ከገደብ የመጣች ሴት «ለአልትራሳውንዱ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ» ስትባል፣ ቡናው እየረገፈ፣ ልጆቹ እያለቀሱ፣ የትራንስፖርቱን ገንዘብ ከማን እንደምትበደር ማሰብ ትጀምራለች። ብዙዎቹ አይመለሱም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኑም አልትራሳውንዱንና የመርፌ ናሙናውን ያለ ክርክር እንዲሸፍን መምሪያው ያረጋግጥልን።

ሴንቲነል ኖድ ለመለየት በሀብታም አገሮች ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይወጋል፤ ከዚያ ድምፅ በሚሰጥ መሣሪያ ይፈለጋል። ግማሹ በስድስት ሰዓት ውስጥ ስለሚጠፋና የኑክሌር ሕክምና ክፍል ስለሚፈልግ፣ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ለራቀችው ዲላ ዛሬ የሚታሰብ አይደለም። በልዩ ካሜራ የሚታየው አረንጓዴ ቀለምም እንዲሁ ውድ ነው። ሜቲሊን ብሉ ግን አለ፤ ርካሽ ነው፤ በብዙ ደሃ አገሮች ለዚሁ ሥራ ውሏል። ቀዶ ሐኪሙ ሴቲቱ ሰመመን ውስጥ ከገባች በኋላ ቀለሙን በጡቷ ጫፍ ዙሪያ ከሥር ይወጋና ለጥቂት ደቂቃ ያሸዋል። ብብቷን በትንሹ ከፍቶ ሰማያዊ የሆነውን ቀጭን መስመር እየተከተለ ሰማያዊ የሆነውን ኖድ ያገኘዋል። ጥንቃቄዎቹን ሐኪሞቻችሁ ያውቋቸዋል፦ ቀለሙ ቆዳው ውስጥ ከተወጋ ቆዳውን ሊያቆስል ይችላል፤ ለእርጉዝ ሴትና አንዳንድ የድብርት መድኃኒት ለምትወስድ አይሰጥም፤ ሴቲቱም ሽንቷ ለአንድ ሁለት ቀን ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ እንደሚሆን አስቀድሞ ይነገራት፤ ካልተነገራት ትደነግጣለች።

ዘዴው ልምድ ይፈልጋል። ሐኪሞች የሚማሩት መጀመሪያ ላይ መጠረግ ባለበት ብብት ሰማያዊውን ኖድ ለይተው ለብቻ አውጥተው፣ ቀሪውን እንደ ወትሮው ጠርገው፣ ሁለቱን በማወዳደር ነው። ሰማያዊው ንጹሕ ሆኖ ሌላው ካንሰር ያለበት ሆኖ የተገኘው ስንት ጊዜ እንደሆነ ይቆጠራል፤ በእጃቸው ሲተማመኑ ብቻ መጥረጉን ይተዋሉ። ከሐዋሳና ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ባለሙያዎች ጋር የልምምድ ጊዜ ቢዘጋጅ ሩቅ አይደለም፤ ሐዋሳ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በነገራችን ላይ ፓቶሎጂውን አትርሱት። ሰማያዊው ኖድ በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ስም ተጽፎበት ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ፣ ከጡቱ ጋር ተደባልቆ ከተላከ፣ የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሌላም ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ሴቲቱ ከጤና ጣቢያ ወደ ዲላ፣ ከዲላ ወደ ሐዋሳ፣ አንዳንዴም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ስትባል የምትይዘው ወረቀት ላይ ስለ ጡቷ እንጂ ስለ ብብቷ ብዙ ጊዜ ምንም አይጻፍም። በየደረሰችበት ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ብብት፦ በአልትራሳውንድ ታይቷል / አልታየም፤ የቅርፊት ውፍረት በሚሊሜትር፤ ናሙና ተወስዷል / አልተወሰደም፤ ውጤት።» ባዶ ሆኖ የሚላክ መስመር የሚቀጥለውን ሐኪም «እስቲ ይታይ» ያሰኘዋል።

ክንዳቸው አስቀድሞ ያበጠ ሴቶችም አሉ፤ እነሱን ታሪክ አድርገን አንለፋቸው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የክንድ እንቅስቃሴ ቢያስተምራቸው፣ ጠበቅ ያለ የክንድ እጅጌ ቢያገኙ፣ ጭረት ባጋጠማቸው ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ እንዲመጡ ቢነገራቸው እፎይ ይላሉ። ሴቲቱ ከመታከሟ በፊትም ምርጫዋ በጌዴኦ ቋንቋ፣ በጌዴኡፋ፣ ይብራራላት፤ አማርኛ የሚሰማው ባሏ ወይም ወንድሟ ብቻ ነግሯት የሚፈረምበት የፈቃድ ወረቀት እሷ የፈረመችው አይደለም። የሶንጎ (የባህላዊው ሸንጎ) አባቶችም ስለዚህ ነገር እንዲነጋገሩ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችሁን ላኩልን፤ ሚስቱን ከሆስፒታል የሚያስቀር ባል ብዙ ጊዜ ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ከእሷ በፊት የሄደችውን አይቶ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ እናቶቼና እህቶቼም አንድ ነገር ልበላችሁ። ጡታችሁ ላይ እብጠት ካገኛችሁ ቡናው እስኪለቀም አትጠብቁ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ ደግሞ ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «ብብቴ በአልትራሳውንድ ታይቷል ወይ?» ይህን መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም። ብብቴን አትንኩ ማለትም አይደለም፤ መጠረግ ያለበት ብብት አለ፣ እሱን መተው ነፍስ ያስከፍላል። የምትጠይቁት ከመቆረጡ በፊት እንዲታይ ነው።

ክቡራን፣ የሚቀጥለው የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ግን አሁን ነው። ሊኒየር ፕሮቡ፣ ሜቲሊን ብሉው፣ የሐኪሞቹና የራዲዮሎጂ ባለሙያዎቹ ሥልጠና፣ በሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጨመረው መስመርና የጤና መድን ሽፋኑ በ2019 በጀት ዓመት ዕቅዳችሁ ውስጥ ይግቡልን። ገብተው እንደሆነም ባይገቡም ምክንያቱን ጭምር በዞኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሕዝብ እንድታሳውቁን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ከፍስሐ ገነት አንዲት የባዮሎጂ መምህርት
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ